አንድ ጋሪ፣ አንድ ምግብ፦ በዐቢይ ጾም ወደ ባንኮክ ለምትሄድ ጠያቂ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በመጋቢት መጀመሪያ አባቴን ለሕክምና ይዤ ባንኮክ እሄዳለሁ፤ 12 ቀን እንቆያለን። ስለ ታይላንድ የመንገድ ዳር ምግብ ብዙ ስለሰማሁ መቅመስ እፈልጋለሁ፤ ሆዴ ግን በቀላሉ የሚረበሽ ነው። አባቴ ዐቢይ ጾምን ይጾማሉ። ሁለታችንም አሳማ አንበላም። የት እንብላ? ከምንስ እንጠንቀቅ?»

እህቴ፣ አስቀድሜ አባትሽን እግዚአብሔር ይማራቸው። እኔ ባንኮክ ውስጥ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሰባት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ ለምግብ ዝግጅት ተማሪዎች የምግብ ንጽሕና አስተምራለሁ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት አልጋ ላይ የጣለኝ የሆድ ሕመም የገጠመኝ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ዳር አልበላሁም ነበር። አንዱ በባልደረባዬ ልደት ላይ የቀረበ የክሬም ኬክ ነው። ሌላው ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት የቡፌ ጠረጴዛ ላይ፣ በሚያብረቀርቅ ክዳን ሥር ከጠዋት ጀምሮ ለብ ብሎ የዋለ የተጠበሰ ሩዝ ነው። ስለዚህ መፍራትሽ ተገቢ ነው፤ የምትፈሪው ግን ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ምግብን የሚያበላሸው አቧራው ሳይሆን ጊዜና ለብታ ነው። ጀርሞች በደንብ የሚራቡት በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴልሲየስ መካከል ነው። የበሰለ ምግብ በዚህ ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። በመጋቢት የባንኮክ ቀትር ከዚያ ያልፋል። ሩዝ የራሱ ጠባይ አለው፤ በውስጡ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፣ ሩዙ ተቀምጦ ሲውል የሚያወጣው መርዝ ደግሞ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። እኔን የጣለኝ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ጥሩ የባንኮክ ጋሪ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ባለ ጋሪዋ የምትሠራው አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ ቢበዛ የዚያኑ ምግብ ሁለትና ሦስት ዓይነት። ጠዋት ከገበያ የገዛችውን ማታ ጨርሳ ትገባለች፤ የተረፈውን የምታሳድርበት ማቀዝቀዣ የላትም። ያዘዝሽው ነገር ዓይንሽ እያየ እሳት ላይ ይወጣል፣ ከእሳት ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ አፍሽ። መሐል ላይ ለብታ የሚገባበት ጊዜ የለም። ስለዚህ «አንድ ጋሪ፣ አንድ ምግብ» የምትለዋን ያዣት። አንድ ሰው አርባ ዓይነት ምግብ በሥዕል ለጥፎ ቱሪስት የሚጣራበትን ቦታ ደግሞ እለፊው፤ አርባውን ሁሉ በየቀኑ ትኩስ አድርጎ የሚያዘጋጅ ሰው የለም።

ሰልፍ ጥሩ ምልክት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን የማን ሰልፍ እንደሆነ እዪ። የቢሮ ሠራተኞችና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ካሉበት ተሰለፊ፤ ፎቶ የሚያነሱ ብቻ ከሆኑ ያው የፎቶ ሰልፍ ነው። ከዚያ እጇን ተመልከቺ፦ ገንዘብ የምትቀበለው በየትኛው እጅ ነው? ብዙዎቹ ገንዘቡን ቅርጫት ውስጥ ራስሽ እንድታስቀምጪ ያደርጋሉ፣ ወይም ሌላ ሰው ይቀበላል። ሳህን የሚታጠብበትን ባልዲም እዪ። ውኃው ከደፈረሰ በሚጣል ዕቃ አሽጋ እንድትሰጥሽ ጠይቂ። በረዶ ደግሞ መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ እንደ ቱቦ የተቆረጠ ከሆነ በፋብሪካ ከተጣራ ውኃ የተሠራ ነው። ከትልቅ ብሎክ ተፈልጦ የተሰባበረውን ተይው፤ እርሱ ዓሣ ማቀዝቀዣ ነው።

ሰዓትም አለ። እያንዳንዱ ጋሪ የራሱ ሰዓት አለው፤ ጠዋት ቆሞ ያየሽው ሰው ማታ በቦታው የለም። ጠዋት ከሰል ላይ የሚገላበጥ ሥጋ በሹል እንጨት፣ ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር ተጠቅልሎ፣ ለሥራ የሚጣደፍ ሰው ሁሉ ቁርስ ነው። ቀትር ላይ «ካው ጌንግ» የሚባሉት ቤቶች ይሞላሉ፦ የተለያየ ወጥ በድስት ተደርድሮ አንቺ በጣት እያሳየሽ ሩዝ ላይ የሚጨለፍልሽ። ወጡ የተሠራው ጠዋት ስለሆነ እዚያ የምትሄጂው ከቀትር በፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የቀረው ድስት ለብ ያለ ድስት ነው። ማታ ደግሞ ዎክ የሚባለው ጎድጓዳ መጥበሻ ነበልባል ላይ የሚንጣጣበት ሰዓት ነው። ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ አባትሽ ይህን ይወዱታል፦ ታዮች በልማዳዊ አቆጣጠራቸው ልክ እንደ እኛ ከምሽቱ 1 ሰዓትን «አንድ»፣ 2 ሰዓትን «ሁለት» ብለው ይጠሩታል። ባለ ጋሪዋ «ኑንግ ቱም እመጣለሁ» ካለችሽ ከምሽቱ በእኛ 1 ሰዓት ማለቷ ነው። ሰኞ ቀን ግን አትድከሚ፤ በልማድ የመንገድ ማጽጃ ቀን ስለሆነ ብዙዎቹ አይወጡም።

ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ዋናው ችግርሽ ይህ ነውና። ታይላንድ የቡድሃ ሃይማኖት አገር ስለሆነች የጾም ምግብ የትም ይገኛል ብሎ የሚሄድ ሐበሻ ብዙ አይቻለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ይበሳጫል። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን ውስጥ ናም ፕላ አለ፤ ዓሣ በጨው ተብላልቶ የሚወጣ ቡናማ ፈሳሽ ነው፣ በእነርሱ ወጥ ቤት የጨውን ቦታ የያዘው እርሱ ነው። ከዚያ ካፒ የሚባል ከትንንሽ ሽሪምፕ የሚብላላ ሊጥ በቅመሙ ውስጥ ተወቅጦ ይገባል። የተጠበሰ ጎመን ላይ ደግሞ ከቀንድ አውጣ ወገን ከሆነ የባሕር እንስሳ የሚሠራ ኦይስተር የተባለ ድልህ ይደረጋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ አባትሽ በዐቢይ ጾም ዓሣ የማይቀምሱ ከሆነ ግን «ሥጋ የለውም» የሚለው መልስ አይጠቅማቸውም። «ማንግሳዊራት» የሚለውም ቃል አያዋጣም፤ እርሱ እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል።

የሚጠቅማችሁ ቃል «ጄ» ነው። ጄ ከቻይና የመጣ የጾም ሥርዓት ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ናም ፕላም የለበትም። እንዲያውም ከእኛ ይከብዳል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ ክልክል ነው። ዓመታዊው የጄ ሰሞን በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር የሚውሉት ዘጠኝ ቀናት ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት አካባቢ፤ ያን ጊዜ የቻይናውያኑ ሰፈር በቢጫ ባንዲራ ይሸፈናል። በመጋቢት ያ ሁሉ አይኖርም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ የጄ ቤቶች ግን በየሰፈሩ አሉ። ምልክታቸው በቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ነው፤ የታይ ፊደል ለማታውቅ ዓይን 17 ቁጥርን ይመስላል። እርሱን ስታዪ ግቢ፣ «ኪን ጄ ካ» በይ፣ ጄ እበላለሁ ማለት ነው። አባትሽ ከተናገሩት መጨረሻውን «ክራፕ» ያደርጉታል። አንድ ነገር አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ በጄ ቤት ድስት ውስጥ የዳክዬ ሥጋ፣ የአሳማ ጎድን፣ ሽሪምፕ የሚመስል ነገር ያያሉ። ሁሉም ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የተሠራ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳህኑን መልሼ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቷ እስከ መንገዱ ድረስ እየሳቀች ተከትላኝ መጣች።

የጄ ቤት ባይገኝ እሳቸው የሚጠግቡበት የመንገድ ምግብ አለ። በኮኮናት ወተት የራሰ የሚጣበቅ ሩዝ ከበሰለ ማንጎ ጋር፤ የማንጎው ዋና ወቅት ገና እየገባ ስለሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ከሰል ላይ የተጠበሰ ሙዝና ስኳር ድንች። ካኖም ክሮክ የሚባለው፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው የብረት ምጣድ ላይ ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት የሚጋገር ትንሽ ቂጣም አለ፤ ትኩሱን በአንዴ ወደ አፍ ካስገቡት ምላስ ይልጣል፣ ነክሶ ማስተንፈስ ይሻላል። የአኩሪ አተር ወተት ጠዋት ጠዋት በትኩሱ ይሸጣል። ፓድ ታይ የሚባለው የተጠበሰ የሩዝ ኑድል ግን እንቁላል፣ ደረቅ ሽሪምፕና ናም ፕላ አለበት፤ ለጾም አይሆንም። ፓድ ታይን ብዙ ሰው የጥንት ምግብ አድርጎ ያስበዋል፤ እንደ ብሔራዊ ምግብ የተስፋፋው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ሲያምን ታይላንድ ባሰኛት በፊልድ ማርሻል ፒቡንሶንግክራም መንግሥት ግፊት ነው። ኮምጣጣነቱ ከሁመር ነው የሚመጣው፤ ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቀዋል።

ሶም ታም የሚባለው ያልበሰለ ፓፓያ ሰላጣ ደግሞ አሳሳች ነው። ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ለውዝ፣ ቃሪያ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ሲያዩት ፍጹም የጾም ነው። «ማይ ሳይ ናም ፕላ» ብለሽ ናም ፕላውን ማስቀረት ትችያለሽ፣ ደረቁን ሽሪምፕም እንዲሁ። ሙቀጫው ግን ከጠዋት ጀምሮ ፕላ ራ የተባለውን የተብላላ ዓሣ ሲጠጣ የዋለ ነው። ለአባትሽ ከጄ ቤት ውጭ አልመክረውም። ለአንቺ፣ የማትጾሚ ከሆነ፣ «ሶም ታም ታይ» የሚለውን እዘዢ፤ ፕላ ራ እና ጥሬ ሸርጣን የሚገባባቸውን ዓይነቶች ለሆድሽ ስትዪ ተያቸው።

አሳማን በተመለከተ «ማይ ሳይ ሙ» ማለት አሳማ አይግባ ማለት ነው። ይህ ለሚታየው ሥጋ ይበቃል፤ ለማይታየው ስብና ለመረቁ አጥንት አይበቃም። አብዛኛው ነጭ የኑድል መረቅ ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ወደ ሙስሊም ባለ ጋሪዎች ሂጂ፤ በሻሻቸውና በአረንጓዴው የሐላል ምልክት ታውቂያቸዋለሽ። «ካው ሞክ ጋይ» የሚባለው በእርድ ቅመም ቢጫ የሆነ የዶሮ ሩዛቸው ለሐበሻ ምላስ ቅርብ ነው። ሥጋውን ማን ባረደው የሚለው ጥያቄ ለአንቺ ክብደት ካለው ግን የሚሻለው ዓሣና እንቁላል ላይ መቆየት ነው።

ማንም የማይነግርሽን ልጨምር፦ ደም። «ኩዋይቲያው ሩዋ»፣ የጀልባ ኑድል የሚሉት፣ በድል ሐውልቱ አካባቢ በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን የሚሸጠውና ቱሪስት ሁሉ የሚያወድሰው፣ መረቁ የጠቆረውና የወፈረው በአሳማ ወይም በከብት ደም ነው። ምንም ጥፋት የሌለበት የሚመስለው «ካው ማን ጋይ»፣ በዶሮ መረቅ የበሰለ ሩዝ ከቅቅል ዶሮ ጋር፣ ብዙ ጊዜ በሳህኑ ዳር የረጋ የዶሮ ደም ቁራጭ ይኖረዋል፤ ጉበት መስሎሽ እንዳትጎርሺው። «ማይ ሳይ ሉዋት» በይ፣ ያስቀሩልሻል። ይህ ምግብ በደሙ ምክንያት እንዲያመልጥሽ አልፈልግም። ለልብስ ንግድ የሚመላለሱ ወገኖቻችን የሚያውቁት ፕራቱናም ገበያ አጠገብ በዚህ አንድ ምግብ ብቻ የታወቁ ቤቶች አሉ።

ክትፎ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ በአንድ ነገር ላይ ጥብቅ ልሁን። ከሰሜን ምሥራቁ የኢሳን ክልል የመጡ ሻጮች ላብ የሚሉት የተከተፈ ሥጋ ጥሬ ዓይነትም አለው፣ ኮይ የሚባል ጥሬ የዓሣ ክትፎም አለ። ሽታውና አቀራረቡ የቤት ናፍቆት ይቀሰቅሳል። ጥሬ የወንዝ ዓሣ ውስጥ ያለው የጉበት ትል ግን ዓመታት ቆይቶ የሐሞት ቧንቧ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ ጥሬ አሳማ ሥጋ የሚያስተላልፈው ስትሬፕቶኮከስ ስዊስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ የማጅራት ገትር አስነስቶ ሰውን ደንቆሮ አድርጎ ያስቀራል። ሎሚ ጥሬውን አያበስለውም። የበሰለውን ላብ እዘዢ፣ ከሚጣበቀው ሩዝ ጋር በእጅሽ ጠቅልለሽ ብዪ፤ ኢሳኖች እንደ እኛ በእጃቸው ነው የሚበሉት።

ስለ ቃሪያው፦ «እኔ ሚጥሚጣ የለመድኩ ነኝ» ብለሽ አትፎክሪ። የእነርሱ ትንሿ ቃሪያ ስሟ ሲተረጎም «የአይጥ ኩስ ቃሪያ» ነው፣ የሚጥሚጣችን ዘመድ ትመስላለች። ልዩነቱ እኛ ሚጥሚጣን በቅቤና በእንጀራ እናበርደዋለን፤ እነርሱ ጥሬውን በሎሚ ይወቅጡታል፣ የሚያበርደው ስብ የለም። «ማይ ፔት» አያቃጥል፣ «ፔት ኒት ኖይ» ጥቂት ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁለተኛው አትለፊ፤ ብዙ ጎብኚ ተመረዝኩ የሚለው ሆዱ በቃሪያ ስለተቃጠለ ብቻ ነው። ደግነቱ ሌላው ቅመም እንግዳ አይሆንብሽም። ቶም ያም ሾርባ ውስጥ የሚሸትሽ ጠጅ ሳር ነው፤ ፓድ ክራፓው የሚባለው የሥጋ ጥብስ ላይ የሚበተነው ቅጠል የበሶብላ ወገን ነው።

የት እንጀምር ላልሽው፣ ከገበያ አዳራሽ ምግብ ጀምሩ። አሶክ ባቡር ጣቢያ ላይ ያለው ተርሚናል 21 የሚባለው የገበያ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የመንገድ ዳር ምግብ በመንገድ ዳር ዋጋ ይሸጣል፤ ካርድ ገዝተሽ ትሞያለሽ፣ የተረፈውን ይመልሱልሻል። ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ከሚያርፉበት የሱኩምቪት ናና ሰፈር አንድ ጣቢያ ነው። ሁለት ቀን እዚያ ከተለማመድሽ በኋላ ወደ ገበያ ውጪ፦ ቻቱቻክ ከተባለው ትልቅ ገበያ ፊት ለፊት ያለው ኦር ቶር ኮር ንጹሕና የተደራጀ ነው፤ ወንዙን በጀልባ ተሻግረሽ የምታገኚው ዋንግ ላንግ ደግሞ ከሲሪራጅ ሆስፒታል ጎን ስለሆነ ነርሶችና የሕክምና ተማሪዎች የሚበሉበት ነው። ከሆስፒታል ሠራተኛ ሰልፍ የተሻለ ማረጋገጫ አላውቅም። ያዋራት የሚባለውን የቻይናውያን ሰፈር ለመጨረሻ ምሽት አቆይው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዋት ማንግኮን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እደጃፉ ያደርስሻል። በአሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ግን አትመሪ፤ ከተማ አስተዳደሩ ባለፉት ዓመታት ብዙ መንገዶችን ከሻጮች አጽድቷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሚሽላን ከተባለው የምግብ ቤቶች መመዘኛ መጽሐፍ ኮከብ ስላገኘችው፣ የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር አድርጋ በከሰል እሳት ላይ ስለምትጠብሰው ስለ ጄ ፋይ መስማትሽ አይቀርም። ሸርጣን የተጠቀለለበት የእንቁላል ጥብሷ ከ1,000 ባት በላይ ነው፤ በመንገድ ዳር አንድ ሳህን ደህና ምግብ ከ50 እስከ 80 ባት ይገኛል። ስሟ ላይ ያለው «ጄ» ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ከጾሙ ጄ ጋር አይገናኝም። እኔ ብሆን ሰዓታት ተሰልፌ አልጠብቅም፤ በተለይ ሆስፒታል የሚጠብቅሽ ሰው እያለ። ገንዘብ በ20 እና በ50 ባት ኖት ያዢ፤ 1,000 ባት ለባለ ጋሪ መስጠት ማስቸገር ነው፣ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ አስቀድመሽ ዘርዝሪው።

ስለ አባትሽ ሦስት ነገር። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው የታይ ምግብ ጨው እጅግ ብዙ ነው፤ የጄውም ቢሆን በአኩሪ አተር ድልህ የጨው ብዛት አለበት፣ መረቁን ሳይጠጡ ይተዉት። ሶም ኦ የሚባለው፣ ትርንጎን የሚያህል ተልጦ የሚሸጥ ጣፋጭ ፍሬ፣ ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አይብሉ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕክምና ከጀመሩ ደግሞ የመንገድ ዳሩ ለእሳቸው ይቁም፣ ሰላጣና የተቆረጠ ፍራፍሬ ጭምር። ጾሙንም በሕመም ምክንያት ስለማቅለል ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩ ይሻላል፤ እዚያ ደርሳችሁ በስልክ ከመጨነቅ።

ተቅማጥ ቢነሳብሽ ኦ.አር.ኤስ. በየፋርማሲው አለ፤ በየመሐሉ እየጠጣሽ ቀለል ያለ ምግብ ብዪ። ትኩሳት ወይም ደም ካየሽ፣ ወይም አባትሽን ከያዛቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠብቂ ለሐኪሞቻቸው ንገሪ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ቡና። የመንገዱ ቡና «ካፌ ቦራን» ይባላል፣ በጨርቅ ከረጢት ይጣራል፣ ከሥሩ የወፈረ የቆርቆሮ ወተት ይፈስስበታል። ለጾመኛ ጥቁሩ «ኦሊያንግ» አለ፤ እርሱም በበረዶና በስኳር፣ ከተቆላ እህል ጋር የተደባለቀ። አባትሽ አንዴ ቀምሰው በትሕትና ዝም ይላሉ። ግማሽ ኪሎ የተቆላና የተፈጨ ከቤት ያዙ፤ የሆቴላችሁ ክፍል የውኃ ማፍያ ይኖረዋል።